ስለ ጆሮ ጩኸትና በከንቱ ስለ ተከሰሰው ጨረር

ገመድ የሌለው የጆሮ ማዳመጫ በጨረሩ ጆሮን ያስጮኻል፣ ገመድ ያለው ግን ጉዳት የለውም የሚለው አስተያየት በዘመናችን በሊቁም በጨዋውም ዘንድ፣ ማንም ሳይመረምረው፣ እንደ ቀኖና ጸንቶ ይኖራል። አባት ለልጁ፣ ጓደኛ ለጓደኛው፣ ነጋዴ ለደንበኛው፣ አልፎ አልፎም ነገሩን አጥርቶ ማወቅ የሚገባው የጤና ባለሙያ ለታማሚው ይህንኑ ይደግመዋል፤ ሲደጋገምም ከመሰማቱ ብዛት የተነሣ ማስረጃ ያለው መስሎ ይታያል። ይህን አስተያየት ለመቃወም የተነሣሁት የማዳመጫ ፋብሪካዎችን ለመከላከል ወይም ጆሯቸው የሚጮኽባቸውን ሰዎች ስቃይ ለማቃለል አይደለም፤ ስቃያቸው እውነተኛና ከባድ መሆኑን ስለማምን፣ ደግሞም ጥፋቱ በሌላ ላይ በተጫነ ቁጥር እውነተኛው ጥፋተኛ ያለ ከልካይ ሥራውን ሲቀጥል ስለምመለከት ነው። ጆሮን የሚያስጮኸው ከማዳመጫው የሚወጣው ድምፅ ኃይልና ጆሮ በዚያ ድምፅ ሥር የሚቆይበት ሰዓት ብዛት ነው፤ ድምፁ በገመድ መጣ ወይም ያለ ገመድ መጣ፣ ለጆሮ ልዩነት የለውም።

የአስተያየቱን ጉዳት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በትምህርት መክፈቻ ሰሞን በመርካቶ፣ የስልክ ዕቃ በሚሸጥበት በአንድ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳለ፣ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ከዐሥራ አራት ዓመት የማይበልጥ ልጃቸውን አስከትለው መጡና ለልጁ የጆሮ ማዳመጫ እንዲያሳያቸው ባለ ሱቁን ጠየቁት። ወጣቱ ሻጭ በመጀመሪያ ሕዝቡ «ኤርፖድ» የሚለውን፣ በነጭ ሣጥን የተቀመጠውን፣ መስተዋቱ ላይ አኖረላቸው፤ እርሳቸው ግን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው «እሱን አንሣልኝ የኔ ልጅ፤ ጨረሩ ጆሮ ይበላል ይላሉ። ጨረር የሌለው የለህም?» አሉት። ሻጩም በምስማር ላይ ከተንጠለጠሉት አንዱን አውርዶ፣ «ይኼ ባለ ገመድ ነው ማዘር፤ ምንም ጨረር የለውም። ከፈለገ ሌሊቱን ሙሉ ይስማበት» ብሎ ሰጣቸው። ልጁ ለሙከራ ስልኩ ላይ ሰክቶ፣ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፈተው፤ እኔም አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቄ ቆሜ የዘፈኑን ምት ብቻ ሳይሆን ቃሉን ጭምር ለይቼ ሰማሁት። እናትየዋ ሒሳቡን ከፍለው፣ ልጃቸውን ከመከራ እንዳዳኑ አምነው፣ ሻጩን መርቀው ሄዱ። «ሌሊቱን ሙሉ ይስማበት» የሚለው ፈቃድ ነው እንግዲህ ይህን ክርክር እንድጽፍ ያስገደደኝ፤ ሻጩም እናትየዋም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱም የተነገራቸውን አምነው ነው።

የጆሮ ጩኸት ከሰው ልጅ ጋር የኖረ ደዌ እንጂ ከገመድ አልባ መሣሪያ ጋር የመጣ አይደለም። ለብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት የተገለጠለት የፍርድ ቃል የሰሚዎችን ጆሮ ጭው የሚያሰኝ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ተጽፎ ስናነብ፣ ጸሐፊው ይህን ስሜት አንባቢው ሁሉ እንደሚያውቀው አድርጎ መጥቀሱን እናስተውላለን። አባቶቻችንም ጆሮ ሲጮኽ «ሰው ስሜን አነሣው» ይሉ ነበር፤ አባባሉ የደዌውን ምክንያት ባይገልጥም ጥንታዊነቱን ይመሰክራል። ራማዚኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ሠራተኞች ደዌ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ በቬኒስ ከተማ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ አንጥረኞች ጆሯቸው እየተጎዳ ሄዶ በስተርጅና እንደሚደነቁሩ አትቷል። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1801 ለወዳጁ ለሐኪሙ ለቬገለር በላከው ደብዳቤ ጆሮዎቹ ሌሊትና ቀን እንደሚጮኹበት ምሬቱን ገልጧል። የቦሔሚያው የሙዚቃ ደራሲ ስሜታና እ.ኤ.አ. በ1874 ፈጽሞ ደንቁሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ «ከሕይወቴ» ብሎ በሰየመው የአውታር ሙዚቃ የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ በራሱ ጆሮ ውስጥ ይጮኽበት የነበረውን ቀጭን ድምፅ በቫዮሊን ከፍተኛ ኖታ አስገብቶታል። ስሜታና በደነቆረበት በዚያው ዓመት ነበር ሬዲዮን ለዓለም ያዳረሰው ማርኮኒ ገና ከእናቱ ማኅፀን የወጣው። በአገራችንም ወደ ቆላ ወርደው ወባ የያዛቸውና ኩዊኒን የወሰዱ አረጋውያን መድኃኒቱ ጆሯቸውን እንዴት ጭው ያደርግባቸው እንደ ነበረ ያስታውሳሉ፤ ጄንታማይሲን የተባለው መርፌና በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም ይህንኑ ያደርጋሉ። ስለ እነዚህ ሁሉ የትኛውን የብሉቱዝ ማዳመጫ እንከሳለን?

ወደ ዘመናችንም ስንቀርብ ታሪኩ ያው ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ዎክማን» የተሰኘውን፣ በወገብ ታጥቀውት የሚሄዱትን የካሴት ማጫወቻ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ ማዳመጫው ከማጫወቻው ጋር በገመድ የተያያዘ ነበር፤ የጆሮ ሐኪሞችም ስለ ወጣቶች ጆሮ በብርቱ ማስጠንቀቅ የጀመሩት በዚያው በገመዱ ዘመን ነው። አፕል ገመድ የሌለውን ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ስለ ሆነ፣ በሁለቱ መካከል 37 ዓመት ሙሉ ገመድ ያላቸው ማዳመጫዎች ጆሮ ሲያስጮኹ ኖረዋል ማለት ነው። በአሜሪካ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ሰዎች የአካል ጉዳት ካሣ ከሚቀበሉባቸው ምክንያቶች መካከል በብዛት ቀዳሚው የጆሮ ጩኸት ነው፤ እነዚህንም ሰዎች ለዚህ ያበቃቸው የመድፍ፣ የጠመንጃና የአውሮፕላን ሞተር ድምፅ ነው።

ድምፅ ይህን የሚያደርገው እንዴት እንደ ሆነ ጥቂት ላብራራ፤ የጨረሩ ክስ የሚጸናው ብዙ ሰው የጆሮን ሥነ ፍጥረት ሳያውቅ ስለ ቀረ ነውና። የድምፅ ሞገድ የጆሮን ታምቡር ሲመታ ታምቡሩ ሦስት ደቃቅ አጥንቶችን ያንቀሳቅሳል፤ አጥንቶቹም እንቅስቃሴውን የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለው፣ በፈሳሽ ወደ ተሞላው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። በዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል፣ በራሳቸው ላይ ጸጉር የመሰለ ነገር የበቀለባቸው ሕዋሳት ተደርድረው ይኖራሉ፤ ፈሳሹ ሲናወጥ እነርሱም ይወዛወዛሉ፣ ውዝዋዜያቸውንም በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ይልካሉ። እነዚህ ሕዋሳት በወፎች ዘንድ ቢሞቱ ተመልሰው እንደሚበቅሉ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተደርሶበታል፤ በሰው ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ከዚህም የከፋው ኩጃዋና ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ግኝት ነው። አይጦችን ለ2 ሰዓት በ100 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ አቆይተው በኋላ ሲመረምሯቸው፣ የመስማት ኃይላቸው በመለኪያ ላይ ወደ ቀድሞው ተመልሶ፣ ሕዋሳቱም ሳይሞቱ ተገኙ፤ ነገር ግን ሕዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች፣ ድምፁ በበረታበት ክፍል፣ እስከ ግማሽ ያህል ጠፍተው ነበር። ስለዚህ ከሠርግ አዳራሽ ወጥቶ ሌሊቱን ጆሮው ሲጮኽ ያደረ፣ ጠዋት ግን ጸጥ ያለለት ሰው፣ ምንም አልደረሰብኝም ብሎ መደምደም አይችልም።

ጩኸቱ ራሱ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ምርምር ገና ያልተቋጨበት ቢሆንም፣ ብዙዎቹ የተስማሙበት ነገር አለ፤ ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ሲያንስበት አንጎል የጎደለውን ለመስማት የራሱን ኃይል ከፍ ያደርጋል። ሬዲዮ ሲዳመጥ ጣቢያው ቢደክምብን ድምፁን እንጨምራለን፤ ስንጨምር ግን ከጣቢያው ይልቅ በመካከል ያለው ሹሽታ ጎልቶ ይወጣል፤ የጆሮም ጩኸት እንዲሁ ነው። ጩኸቱ የሚሰማው ከጆሮ የጎደለው ነገር ስላለ እንጂ ከውጭ የገባ ነገር በራስ ውስጥ ስለሚጮኽ አይደለም። ይህን የተረዳ ሰው ጨረሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ይጮኽብኛል የሚለው ስጋት መሠረት እንደሌለው ወዲያው ያያል።

ተቃዋሚዎቼ የሚያቀርቡትን ማስረጃ በመልካሙ ገጹ ላቅርብ፤ ደካማውን መርጦ መርታት ክርክር አይባልምና። በመጀመሪያ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት መደብ አስገብቶታል፤ ውስን ማስረጃ ተገኘባቸው ካላቸው ዕጢዎችም አንዱ በመስማት ነርቭ ላይ የሚወጣው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሳኔው የተመሠረተው ስልክን ከጆሯቸው ጋር አጣብቀው ለዓመታት በተነጋገሩ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ከጣቢያ ጋር ሲገናኝ እስከ 200 ሚሊዋት ኃይል ሊያሠራጭ ሲችል፣ የብዙዎቹ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ኃይል ግን ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ጨረሩን ፈርቶ ማዳመጫውን የጣለና ስልኩን ከጆሮው ጋር አጣብቆ መነጋገር የጀመረ ሰው፣ ከሸሸው ነገር እጅግ የሚበልጠውን በገዛ እጁ ወደ ራሱ አቅርቧል። ስልክ ላይ የሚለጠፉት «ጨረር ይከለክላሉ» የሚባሉ ልጥፎችም እንዲሁ ናቸው፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስለ እነዚህ ዕቃዎች ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፣ ሞገዱን ስለሚያውኩት ስልኩ ይባሱኑ ኃይሉን እንዲጨምር ሊያደርጉት እንደሚችሉ ገልጧል።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ጥንቃቄ እንዲደረግ ፈርመው ለተባበሩት መንግሥታትና ለዓለም ጤና ድርጅት ጥሪ ማቅረባቸውን የሚጠቅሱ አሉ። ጥሪው በእርግጥ ቀርቧል፤ ዳሩ ግን ስለ ገመድ አልባ ማዳመጫ የሚናገር አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ጋዜጦች አንሥተው በማዳመጫው ላይ የተፈረመ አስመስለው አወሩት፤ ወሬውም ከዚያ ተነሥቶ በየቋንቋው እየተተረጐመ እስከ እኛ ደረሰ። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍሬይ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በራዳር አጠገብ የቆሙ ሰዎች በራሳቸው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እንደሚሰሙ ማረጋገጡን የሚያውቅ ጠንካራ ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን ድምፅ የሚያመጣው እጅግ ብርቱ ሆኖ በቅጽበት የሚመጣ የራዳር ምት የራስን ሥጋ በኢምንት ሲያሞቀውና ሲያሰፋው ነው፤ በጥቂት ሚሊዋት የሚሠራ መሣሪያ ይህን ለማድረግ አይቀርብም፤ ራዳሩም ሲጠፋ ድምፁ አብሮ ይጠፋል። የብሉቱዝ ሞገድ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሲሆን፣ ወደ ዓይናችን ከሚገባው ብርሃን ጋር ሲነጻጸር ርግብግቢቱ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ ስለ ሆነ፣ የሕዋስን ውስጣዊ አካል ለመበጠስ ኃይል የለውም። የጆሮ ጸጉራም ሕዋሳት ደግሞ የሚሰማቸው የፈሳሽ ንውጽውጽታ እንጂ የሬዲዮ ሞገድ አይደለም።

ከሁሉ የሚበረታው ግን የሊቃውንት ማስረጃ ሳይሆን የሰው የራሱ ልምድ ነው። «ጆሮዬ የሚጮኸው ኤርፖድ ከገዛሁ ወዲህ ነው» የሚለኝን ወጣት ውሸታም ልለው አልችልም፤ የነገረኝ እውነት ነውና። ስሕተቱ ከዕቃው ባሕርያት መካከል የማይጎዳውን መርጦ መክሰሱ ላይ ነው። ገመድ የሌለው ማዳመጫ ከቀድሞው የሚለይበት ዋና ነገር ምቹነቱ ነው፤ በልብስ የሚያዝ ገመድ ስለሌለው፣ ስለማይጠላለፍና ሲሠሩም ሲተኙም ስለማያስቸግር፣ ቀድሞ በመንገድ ላይ ብቻ ይሰማ የነበረው ሰው አሁን በቢሮም፣ በወጥ ቤትም፣ በአልጋም ላይ ይሰማል። ሰዓቱ በዛ፤ ሰዓቱ ከበዛ ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል። ላስቲክ ያለው ጫፉም የጆሮን ቀዳዳ ስለሚደፍን ኩክን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የተደፈነ ኩክ ብቻውን ጆሮ ያስጮኻል፤ የአንገት በላይ ሐኪም በጥቂት ደቂቃ ሲያወጣለት ብዙ ሰው ይድናል። ጨረሩን ሲያወግዝ የቆየ ሰው ግን ኩኩን ለማስጠረግ መሄድን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ከሳሪስ ወደ ፒያሳ በጠዋት የሚሄደውን ሚኒባስ ታክሲ እንመልከት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ይጣራል፤ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፤ የመኪናው ጥሩምባ አያቋርጥም። በኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ይህን ሁሉ ለማሸነፍ የማዳመጫውን ድምፅ ይጨምራል፣ ይጨምራል፤ ጆሮውም ከዚያ ጩኸት ጋር ይላመድና በቤቱ ጸጥታ ቢሆን ኖሮ ያስደነግጠው የነበረውን ድምፅ መጠነኛ ነው ብሎ ይቀበለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጡት መለኪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ በ75 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይቆጠርም፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 83 ዴሲቤል የሚያዳምጥ አዋቂ በሳምንት 20 ሰዓት፣ 89 የሚያዳምጥ 5 ሰዓት፣ 92 የሚያዳምጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ አለው፤ 101 ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ብዙ ስልኮች ከነማዳመጫቸው ሙሉ ሲከፈቱ 100 ዴሲቤልን ስለሚሻገሩ፣ ያ ተማሪ የሳምንት ድርሻውን ሰኞ ጠዋት ታክሲው ፒያሳ ሳይደርስ ሊጨርሰው ይችላል፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ የሚሰማው ሁሉ ከጆሮው ተፈጥሮ ላይ የሚቆረጥ ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስለ ገመድ የተጻፈ አንድ ቃል የለም። እንዲያውም የውጭውን ጩኸት የሚያጠፋ መሣሪያ ያላቸው አንዳንድ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ሰሚው ድምፁን ሳይጨምር እንዲሰማ ስለሚረዱት፣ በመርካቶው ሱቅ በምስማር ላይ ከተንጠለጠለው ርካሽ ባለ ገመድ ማዳመጫ ይልቅ በሚኒባስ ውስጥ ለጆሮ ይራራሉ። እኚያ እናት በፍቅራቸው የመረጡት ለልጃቸው የከፋውን ሊሆን ይችላል።

ይህ ስሕተት በሰው ልብ ሥር የሰደደው፣ እንደ መሰለኝ፣ ከድካም ሁሉ ስለሚያሳርፍ ነው። ጥፋቱ የጨረር ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ዕቃ መግዛት ነው፤ ጥፋቱ የድምፅ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ራስን መግዛት ነው፤ ይህም ከባድ ነው። ጆሮም እንደ ዓይንና እንደ አንደበት የሚጾመው ጾም እንዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱስ ያሬድ ዘመን ጀምሮ ስታስተምር ኖራለች፤ ሰውን ከኃጢአት ለመጠበቅ የተሰጠው ይህ ትምህርት ለሥጋ ጤናም ያገለግል ነበር፣ ብንሰማው። እዚህ ላይ አንድ የሚከብድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፦ በዓውደ ምሕረት ሳይቀር ድምፅ ማጉያ እስከ ጫፍ ተከፍቶ ሕፃናት ጆሯቸውን በእጃቸው ሲደፍኑ እናያለን፤ በሠርግ አዳራሽ፣ በየሱቁ ደጃፍ፣ በየምርቃቱ ያው ነው፤ ድምፅ በበረታ መጠን በዓሉ የደመቀ ይመስለናል። በእንዲህ ያለ ልማድ ውስጥ ያደገ ወጣት ጆሮው ሲጮኽ ከጩኸቱ በቀር ሌላውን ሁሉ ቢከስ ምን ይደንቃል?

ጆሯቸው አስቀድሞ የሚጮኽባቸውን ሰዎች ደግሞ ይህ አስተያየት በሌላ መንገድ ይጎዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት በዓለም ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች የጆሮ ጩኸት እንደሚሰማቸው፣ ከእነዚህም 120 ሚሊዮን ያህሉ በብርቱ እንደሚሰቃዩ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጤናማ ጆሮ ያላቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ አስቀምጠው ምን እንደሚሰሙ ሲጠይቋቸው፣ ከመቶ 94ቱ አንዳች ድምፅ መስማታቸውን ተናገሩ። ከዚህ የምንማረው ጤናማ ጆሮም በጸጥታ ውስጥ ጥቂት ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል፣ ያም ድምፅ ስቃይ የሚሆነው ልቡና ሲያተኩርበትና ሲፈራው መሆኑን ነው። ጃስትሬቦፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ትምህርት ፍርሃት ጩኸቱን እንደ አደጋ ምልክት ስለሚያስቆጥረው አንጎል ዘወትር እንዲጠባበቀው እንደሚያደርግ አስረድቷል። ታዲያ ሌሊት በአልጋው ላይ ጆሮው ሲጮኽ የሚሰማን ሰው «አንጎልህን ጨረር እየበላው ነው» ብለን ብናስፈራራው፣ በሽታውን በገዛ ቃላችን እየመገብነው ነው። የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ በፍጹም ጸጥታ ውስጥ አለመተኛት፣ ዝግ ያለ ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ማኖር፣ የመስማት ኃይሉ ቀንሶ ከሆነ የመስሚያ መሣሪያ ማግኘት፣ ከሁሉም በላይ ፍርሃቱን የሚያስታግሥ የሥነ ልቡና ሕክምና፤ ይህም ጩኸቱን ባያጠፋው እንኳ ስቃዩን እንደሚያቀልለው በጥናት የታየ ነው።

የማውቃት አንዲት ወጣት፣ በባንክ የምትሠራ፣ አንድ ጠዋት ስትነቃ ቀኝ ጆሮዋ ደንቁሮ፣ ውስጡ እንደ ፉጨት ሲጮኽ አገኘችው። ባልደረቦቿ ሁሉ አንድ ቃል ተናገሩ፤ «ኤርፖዱ ነው፣ ጨረሩ እስኪወጣልሽ ተዪው»። እርስዋም ማዳመጫውን በመሳቢያ ቆልፋ፣ ጨረሩ እስኪወጣ ስትጠብቅ ከአንድ ወር በላይ ቆየች። በመጨረሻ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ፣ በድንገት የሚመጣ የነርቭ ድንቁርና እንደ ነበረ፣ የሚረዳው የስቴሮይድ መድኃኒትም የሚሰጠው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እንደ ሆነ ነገራት። ያ ደዌ ከማዳመጫ ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል፤ መድኃኒቱም ሁልጊዜ አያድንም። ነገር ግን የመዳን ዕድል ነበራት፣ ዕድሉንም የወሰደባት ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የሁላችን አባባል ነው። ይህን ሳስብ ስለ ጨረር የሚወራው ወሬ ምንም የማይጎዳ የጥንቃቄ ምክር ነው የሚሉትን ሰዎች በትዕግሥት መስማት ይከብደኛል።

ስለዚህ በሬዲዮና በጋዜጣ ስለ ጤና የሚናገሩ ሁሉ ከእንግዲህ ጨረርን ትተው ስለ ዴሲቤልና ስለ ሰዓት እንዲናገሩ እጠይቃለሁ፤ ወላጆችም የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው፣ በብዙ ስልኮች ላይ በሚገኘው የድምፅ ጣሪያ መወሰኛ ለልጁ 75 ዴሲቤልን እንዲያበጁለትና መቆለፊያውን በራሳቸው እንዲይዙት እመክራለሁ፤ ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ዐሥር ደቂቃ ነው። የአውሮፓ አገሮች ማጫወቻው 85 ዴሲቤል ሲደርስ ሰሚውን እንዲያስጠነቅቅ፣ ከ100ም እንዳያልፍ በደንብ ካስገደዱ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወደ አገራችን በሣጥን በሣጥን የሚገቡት ማዳመጫዎች በእንዲህ ያለ መለኪያ ተፈትነው እንዲገቡ፣ በሣጥኑም ላይ የድምፃቸው ከፍተኛ መጠን በአማርኛና በሌሎችም የአገሪቱ ቋንቋዎች ተጽፎ እንዲወጣ፣ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ዛሬ ሊያዝዙ ይችላሉ። አንድ ጆሮው ብቻ የሚጮኽበት፣ ጩኸቱ ከልብ ምቱ ጋር የሚሄድበት፣ ወይም መስማቱ በድንገት የቀነሰበት ሰው ደግሞ ማዳመጫውን በመሳቢያ ቆልፎ ሳይቀመጥ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂድ።